ኒኬል ሲቀንስ የሚጠነክር ብረት

በሜይ 26 ቀን 1934 (የዚህ ምዕራፍ ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዜፈር የሚባል ባለ ሦስት ፉርጎ ባቡር ማለዳ ከዴንቨር ተነሥቶ ከ1,600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ሄደና ከ13 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ቺካጎ ገባ። ጋዜጦች ስለ ፍጥነቱ ጻፉ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ቁም ነገሩ ያለው ፉርጎዎቹ በተሠሩበት ላሜራ ላይ ነው። ሠሪው የፊላደልፊያው በድ ኩባንያ የተጠቀመው 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበትን የማይዝግ ብረት ነበር። ይህ ብረት ከእቶን ሲወጣ ለስላሳና በቀላሉ የሚታጠፍ ነው። ሳይሞቅ፣ እንደ ቀዘቀዘ፣ በመዳመጫ ማሽን መካከል ተደጋግሞ ሲያልፍና ሲሳሳ ግን የጥንካሬው መጠን ሌላ ብረት እስኪመስል ድረስ ያድጋል። በድ ቀጭን ላሜራ ይዞ ቀላል ፉርጎ መሥራት የቻለው ለዚህ ነው። በመዳመጥ የተገኘው ጥንካሬ በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ኩባንያው ላሜራዎቹን የበየደው የኤሌክትሪኩ ፍሰት ለቅጽበት ብቻ እንዲያልፍ በሚያደርግ በራሱ በፈለሰፈው ዘዴ ነበር።

ብረት ሲታጠፍና ሲጎተት መጠንከሩ በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መዳብም አሉሚኒየምም ይህን ያደርጋሉ። የሚያስደንቀው የልዩነቱ ስፋት ነው። 301 የሚል ቁጥር የተሰጠው የማይዝግ ብረት ከእቶን ሲወጣ የሚፈለግበት ዝቅተኛ ጥንካሬ፣ ማለትም ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበት ውጥረት፣ 205 ሜጋፓስካል ነው። (በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 10 ኪሎ ግራም ሲንጠለጠል የሚፈጠረው ውጥረት 100 ሜጋፓስካል ገደማ ነው።) ያው ብረት እስከ ሙሉ ጥንካሬው ከተዳመጠ ደረጃው የሚጠይቀው 965 ሜጋፓስካል ነው፤ የመበጠሻ ጥንካሬው ደግሞ 1,275። አንድም ግራም ቅይጥ አልተጨመረበትም። በአንጻሩ 305 የተባለው ወንድሙ፣ ክሮሚየሙ ተቀራራቢ ኒኬሉ ግን ከ10.5 በመቶ በላይ የሆነው፣ ተመሳሳይ መዳመጥ ቢደርስበት ወደዚህ ከፍታ አይቀርብም። ውዱ ንጥረ ነገር የበዛበት ብረት ነው ያነሰ የሚጠነክረው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል፦ ቅይጥ ንጥረ ነገር ለማይዝግ ብረት የሚያስገኘው ትልቁ ጥንካሬ ራሱ ተሸክሞት የሚመጣው አይደለም። ብረቱ ሲጎተት ውስጡ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል በመወሰን የሚያስገኘው ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ ንጥረ ነገር በተጨመረ ቁጥር ጥንካሬ ይደመራል ይላል። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የለውም አልልም። ባዕድ አቶም በብረት አቶሞች መካከል ሲገባ ሰልፉን ስለሚያጣምም መንሸራተትን ያከብደዋል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ድርሻ የእንግሊዙ ፒከሪንግና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለክተው በቀመር አስቀምጠውታል፤ ውጤቱም ለደማሪዎቹ አይመችም። ባልተዳመጠ ብረት ላይ 1 በመቶ ክሮሚየም የሚጨምረው 4 ሜጋፓስካል እንኳ አይሞላም። ሞሊብዲነም ወደ 14፣ ሲሊከን ወደ 20 ይደርሳሉ። ኒኬል ከቀመሩ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ቢጨመርም ቢቀነስም ለውጥ አይታይም ማለት ነው። ጎልተው የሚታዩት በብረት አቶሞች መካከል ባለው ክፍተት የሚሸጎጡት ሁለት ትናንሽ አቶሞች፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ናቸው፤ 0.1 በመቶ ናይትሮጅን ብቻውን 50 ሜጋፓስካል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ቆሞ ያለውን ብረት ብቻ ብንመዝን ኒኬል ምንም አይደለም። የ301ንና የ305ን ዕጣ የሚለየው ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ይህን ተቃርኖ መፍታት የሚቻለው ብረቱ ሲንቀሳቀስ ወደ ውስጡ በመግባት ነው።

ብረት ሲታጠፍ አቶሞቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይንሸራተቱም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ብረት ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል አሁን ከምናውቀው እጅግ በበለጠ ነበር። ዜፈር በሮጠበት በዚያው በ1934 ጄፍሪ ቴይለር፣ ኢጎን ኦሮዋንና ማይክል ፖላኒ በየፊናቸው አንድ ዓይነት መልስ አሳተሙ፦ በክሪስታሉ ውስጥ የአቶም ሰልፍ የተዛነፈባቸው መስመሮች አሉ፤ የቅርጽ ለውጥ የሚመጣው እነዚህ መዛነፎች ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲጓዙ ነው። ብረቱ በታጠፈ ቁጥር መዛነፎቹ ይራባሉ፤ ሲራቡም እርስ በርስ መንገድ ይዘጋጋሉ። በበዓል ዋዜማ መርካቶን ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፦ አንድ ተሸካሚ ብቻውን ሲሆን በጠባቡ መንገድ ያለ ችግር ያልፋል፤ መቶዎች ሲገቡበት ግን ጉልበት የጨመረ ሁሉ ጭንቅንቁን ያባብሰዋል። በዚያ ሰዓት ወሳኙ ጥያቄ ወደ ጎን የሚያስወጣ ሌላ መንገድ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። መውጫ ካለ ጭንቅንቁ ይተነፍሳል፤ ከሌለ ይከማቻል። በብረት ውስጥ መውጫውን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ቅይጥ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

እንዴት? ክሮሚየምና ኒኬል ያለበት የተለመደው የማይዝግ ብረት አቶሞቹ የተደረደሩበት መልክ ኦስተናይት ይባላል። ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ በሚል ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። አንድ መዛነፍ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል በሚቀረው ንጣፍ ላይ ቅደም ተከተሉ ይሳሳትና አንዱ ንብርብር ይዘለላል። ይህን የንብርብር ስህተት ለመሸከም ክሪስታሉ ጉልበት ይከፍላል። ክፍያው ከፍ ያለ ከሆነ ግማሾቹ ተጠጋግተው ይጓዛሉ፤ መሰናክል ሲገጥማቸው ተገናኝተው ወደ ጎን ወዳለው ንጣፍ ይሻገራሉ። ክፍያው ትንሽ ከሆነ ግን ተራርቀው ይቀራሉ፤ ሳይገናኙም መሻገር አይችሉም። አሉሚኒየም ውስጥ ክፍያው በካሬ ሜትር ከ100 ሚሊጁል ይበልጣል፤ 304 በሚባለው የማይዝግ ብረት ውስጥ 20 አካባቢ ነው። አሉሚኒየም ሲታጠፍ ጭንቅንቁን እያቃለለ የሚሄደውና የማይዝግ ብረት የሚያከማቸው ለዚህ ነው። ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ግምት አይደለም፤ በ1957 ዌላን፣ ሂርሽ፣ ሆርንና ቦልማን የንብርብር ስህተቶቹን በቀጭን የማይዝግ ብረት ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው አሳትመዋል። ኒኬልና መዳብ ክፍያውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሲሊከን ዝቅ ያደርገዋል። በክሮሚየምና በናይትሮጅን ላይ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ያወጧቸው ቁጥሮች ይጋጫሉ፤ ውጤቱ ሌላው ቅይጥ ምን እንደሆነ ስለሚከተል ነው።

ክፍያው በጣም ሲያንስ ጉዳዩ ከመጨናነቅ ያልፋል። የተሳሳቱት ንብርብሮች ተደራርበው አዲስ አደራደር ይመሠርታሉ፤ የስህተት ንጣፎች በሚቆራረጡበት ቦታ ደግሞ ኦስተናይቱ ፈርሶ ማርተንሳይት ወደተባለው ጠንካራ መልክ ይለወጣል። ለውጡ መጠንን 2 በመቶ ያህል ስለሚያሰፋ በዙሪያው ያለውን ኦስተናይት ይጫነዋል፤ በዚያም አዳዲስ መዛነፎች ይወለዳሉ። ከሁሉ የሚያምረው የቦታው አመራረጥ ነው። ማርተንሳይት የሚበቅለው ብረቱ በብዛት በተለጠጠበት ስፍራ ስለሆነ፣ ሊበጠስ የተቃረበው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይጠነክራል፤ መለጠጡም ወዳልተነካው ክፍል ይዛወራል። ጥንካሬና የመለጠጥ አቅም አብረው የሚያድጉበት አጋጣሚ በብረታ ብረት ዓለም ብዙ አይደለም። ማርተንሳይት በማግኔት ስለሚሳብ ማንም ሰው ሊያረጋግጠው ይችላል፦ የማይዝግ ላቫንዲኖ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የማይጣበቅ ማግኔት፣ ተጎትቶ በተጎደጎደው ማዕዘን ላይ ሊይዝ ይችላል። በማግኔት ተሳበ ተብሎ ዕቃው ሐሰተኛ ነው የሚባለው ፍርድ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

አሁን የኒኬል ተቃርኖ ይፈታል። የኒኬል ሥራ ኦስተናይቱን በመልኩ ማጽናት ነው፤ የጸና ኦስተናይት ደግሞ ሲጎተት አይለወጥም። አንጌል የተባለ ተመራማሪ በ1954 ይህን ጽናት በአንድ የሙቀት መጠን ገለጸው፦ ብረቱ በ0.30 እውነተኛ መለጠጥ ከተለጠጠ በኋላ ግማሹ ማርተንሳይት የሚሆንበት ሙቀት። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ በክፍል ሙቀት ለመለወጥ የቀረበ ነው። ጃፓናዊው ኖሃራና ባልደረቦቹ በ1977 ቀመሩን አሻሻሉት። በእነሱ ስሌት 1 በመቶ ኒኬል ቁጥሩን በ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያደርገዋል፤ መዳብም እኩል 29። ሞሊብዲነም 18.5፣ ክሮሚየም 13.7፣ ማንጋኒዝ 8.1 ያህል ይቀንሳሉ። ካርቦንና ናይትሮጅን 462 ዲግሪ ይደርሳሉ፤ እርግጥ 1 በመቶ የሚሆኑበት የማይዝግ ብረት በገበያ ላይ የለም፤ 0.1 በመቶ ግን 46 ዲግሪ ነው። 17 በመቶ ክሮሚየም፣ 7 በመቶ ኒኬል፣ 0.10 በመቶ ካርቦን ያለበትን የተለመደ 301 በዚህ ብናሰላው 40 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል፤ በክፍል ሙቀት በፈቃዱ ይለወጣል ማለት ነው። 12 በመቶ ኒኬል ያለበት 305 ከዜሮ በታች ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ብሎን አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ 3 እስከ 4 በመቶ መዳብ የተጨመረበትን ቅይጥ ይመርጣሉ፤ የብሎኑ ራስ በቀዝቃዛው ሲቀጠቀጥ ብረቱ ቶሎ እንዳይጠነክርና ቅርጽ ማውጫውን እንዳይሰብር ነው። ሞላ ሠሪ ግን 301ን ይፈልጋል። ሁለቱም የሚገዙት የማይዝግ ብረት ነው፤ የሚፈልጉት ባሕርይ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ቀመሩን የሚጠራጠሩ ሰዎች የሚያነሡት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። አንጌል ለኒኬል የሰጠው ክብደት 9.5 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ ከኖሃራ 29 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ የሚለያይ ቁጥር ላይ እንዴት ይታመናል? ከዚህም በላይ፣ ይላሉ፣ የሥራው ሙቀትና ፍጥነት ከቅይጡ ይልቅ ይወስናሉ። እውነታቸውን ነው፤ 304ን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ብንጎትተው የመበጠሻ ጥንካሬው በክፍል ሙቀት ካለው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በፍጥነት ብንጎትተው ደግሞ የጉተታው ጉልበት ራሱ ብረቱን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ኦስተናይት መለወጥ ስለሚያስቸግረው ማርተንሳይቱ ያንሳል። ቀስ ብሎ በሚሠራ ቤተ ሙከራ የተገኘ ቁጥር በሰከንድ ክፍልፋይ ለሚያትም ፋብሪካ እንደ ወረደ አይሠራም። እኔ ግን ይህ ማስረጃ ክርክሩን ያጠናክራል እንጂ ያፈርሰዋል ብዬ አላምንም። ሙቀት የሚሠራው ከአንድ ድንበር አንጻር ነው፤ ድንበሩን የሚያሰምረው ቅይጡ ነው። 20 ዲግሪ መሞቅ ለ301 ትልቅ ለውጥ የሚሆነው ድንበሩ ከክፍል ሙቀት አጠገብ ስላለ ነው፤ ድንበሩ ሩቅ ለሆነበት ለ305 ግን ያው ሙቀት ለውጥ አያመጣም። የአንጌልና የኖሃራ ቁጥሮች መለያየትም እያንዳንዱ ቀመር ለተሠራበት የቅይጥ ክልል ብቻ እንደሚያገለግል ያስጠነቅቃል። ኒኬል ኦስተናይቱን ያጸናዋል በሚለው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላው ነው፦ ማርተንሳይት የማይፈጥሩ ብረቶችም በጣም ይጠነክራሉ። ሮበርት ሀድፊልድ በ1882 የሠራው 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝና ከ1 በመቶ በላይ ካርቦን ያለበት ብረት ለዚህ ምስክር ነው። የማይዝግ አይደለም፤ ግን ኦስተናይት ነው፤ የባቡር ጎማ በደበደበው ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ሐዲዶች በሚቆራረጡበት ቦታ ይተከላል። ማርተንሳይት ግን አይፈጥርም። ከማይዝጉት ወገን ደግሞ በትልልቅ የኃይል ማመንጫ ጄኔሬተሮች ዘንግ ጫፍ ላይ የሚጠለቀው ቀለበት አለ። ሥራው በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያለው የመዳብ ጥቅልል ተፈናጥሮ እንዳይወጣ አቅፎ መያዝ ነው፤ በማግኔት የሚሳብ ከሆነ ጉልበት ስለሚያባክን ማርተንሳይት ሊኖርበት አይገባም። ዛሬ ይህ ቀለበት የሚሠራው 18 በመቶ ማንጋኒዝ፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና ከግማሽ በመቶ የሚበልጥ ናይትሮጅን ካለበት ብረት ነው። በቀዝቃዛው እንዲሰፋ ተደርጎ ከ1,000 ሜጋፓስካል በላይ ጥንካሬ ያገኛል፤ በማግኔትም አይሳብም።

ይህ ቀለበት ማርተንሳይት የመጠንከር ብቸኛ መንገድ ነው የሚለውን አባባል ውድቅ ያደርጋል፤ እኔም እንዲህ አላልሁም። የቅይጥ ሥራ መንገድ መምረጥ ነው ብያለሁ፤ መንገዶቹም ከአንድ በላይ ናቸው። የንብርብር ስህተት ክፍያው በጣም አነስተኛ ሲሆን ማርተንሳይት ይመጣል። መጠነኛ ሲሆን ክሪስታሉ በውስጡ የመስተዋት ምስሉን የመሰሉ ቀጫጭን መንታ ንጣፎች ያበቅላል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ለመዛነፎች ግድግዳ ነው፤ የሀድፊልድ ብረት የሚጠነክረው በዚህ ነው። ከዚያም ከፍ ሲል መዛነፎች እየተሻገሩ ጭንቅንቁን ያቃልላሉ፤ መጠንከሩም ይቀዘቅዛል። ናይትሮጅን በዚህ ሁሉ መካከል ለየት ያለ ባሕርይ አለው። ኦስተናይቱን ያጸናል፤ በዚህ ከኒኬል ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን ከክሮሚየም አቶሞች ጋር ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥና መዛነፎች በአንድ ንጣፍ ላይ ብቻ ተሰልፈው እንዲጓዙ ስለሚያስገድድ፣ ማርተንሳይት ሳያስፈልግ መጨናነቁን ይጠብቀዋል። ኒኬል ሲያጸና ያለዝባል፤ ናይትሮጅን ሲያጸና ያጠነክራል። በእኔ ግምት ከቅይጥ ንጥረ ነገሮች ሁሉ ዋጋው ሳይገባን የቆየው እሱ ነው። ካርቦንም ሁለት ጠባይ አለው፦ ኦስተናይቱን በማጽናት ማርተንሳይት እንዳይበዛ ያደርጋል፤ ማርተንሳይት ከተፈጠረ ግን እሱኑ እጅግ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ጥቂት ማርተንሳይት ያለበት ባለ ካርቦን ብረት፣ ብዙ ማርተንሳይት ካለበት ካርቦን አልባ ብረት ሊበልጥ ይችላል። እነዚህን ሁሉ በአንድ የመደመር ሰንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

እንግዲያው ኒኬሉን ቀንሰን ሁሉንም ብረት ጠንካራ ለምን አናደርግም? አሜሪካኖች በ1950ዎቹ ኒኬል ሲያጥራቸው ግማሽ ያህሉን በማንጋኒዝና በናይትሮጅን ተክተው 201ንና 202ን ደረጃ አውጥተውላቸዋል፤ ሕንድም ከዚያ በኋላ ይህን ወገን በስፋት ለቤት ዕቃ አውላዋለች። ዋጋው ይረክሳል፤ ሲጎተት ግን ከ304 በላይ ይጠነክራል፤ ይህም ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ጥልቅ ድስት ሆኖ የታተመ ኒኬል ያነሰው ብረት ከማተሚያው ደህና ወጥቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ከጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ማርተንሳይቱ፣ በውስጡ የቀረው ውጥረትና በብረቱ ያለች ጥቂት ሃይድሮጅን ተባብረው ነው። ፑንታም የሚቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስል ያልሆነ ወይም በቀላሉ የተጫነ ፑንታ ገጹን እየፋቀ አይቆርጠውም፤ ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ያጠነክረዋል፤ ቀጣዩ ዙር የሚገጥመው ከመጀመሪያው የጠነከረ ብረት ነው። የማይዝግ ብረት ሲበሳ በዝግታ እየዞረ ጠንክሮ መጫን ያለበት ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ በገበያ ላይ የተለመደውን አንድ ልማድ ይነካል። 304 የሚለው ቁጥር ኒኬል ከ8 እስከ 10.5 በመቶ እንዲሆን ይፈቅዳል። በኖሃራ ስሌት ይህ ልዩነት ብቻ ከ70 ዲግሪ በላይ ነው፤ አንዱ 304 ሲጎተት በከፊል ማርተንሳይት ይሆናል፣ ሌላው በኦስተናይትነቱ ይጸናል፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ለውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ለአጥር ጠፍጣፋ ላሜራ የሚገዛ ሰው ስሙ ይበቃዋል። ላሜራውን የሚያጎደጉድ፣ ሞላ የሚጠቀልል፣ ሽቦ የሚስብ ወይም ብሎን የሚቀጠቅጥ ግን ስሙን ብቻ አይመን። ከአምራቹ የሚመጣውን የቅይጥ ምርመራ ወረቀት ይጠይቅ፤ በመጀመሪያ ኒኬሉን፣ ቀጥሎ ካርቦኑንና ናይትሮጅኑን፣ ከተጻፈም መዳቡን ያንብብ። ማግኔት ይዞ መሄዱ አይተካውም፤ 201ም እንደ 304 ሳይታጠፍ በማግኔት አይሳብም።